አርሜ ፈረምኩ

ሰኞ፣ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሦስተኛ ሳምንት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ተዪው፣ እሱ የራሱ ጠባይ አለው፤ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። አልደወልሽም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ አናት ላይ ነው። እዚያ ወጥቼ ሰው ሁሉ እየሰማኝ ከምጮህ፣ ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻለኛል። የአውቶቡሱ ሹፌርም ደብዳቤያችንን ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ራሱን ፖስታ ቤት አድርጎ ሾሟል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሃያ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ቀን ስለ እንግሊዝኛ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ልጅ ሳለሽ እንኳ የቤት ሥራሽን አምጥተሽ ፊቴ ጥለሽ ትሄጂ ነበር እንጂ። ስለዚህ የታፔላ ጸሐፊው ጥያቄ ነው ብትዪም ደስ ብሎኛል። በሱቅ ስም ፊት «ዘ» ይገባል ወይ ነው ያልሽው። ሱቁ በሰው ስም ከተጠራ አይገባም። እኛ «ጠይሟ ጋ ቀሚስ አሰፋሁ» እንደምንለው ነው። እነሱም ስሙን ጠርተው የባለቤትነቷን «ስ» ከኋላ ይቀጥሉና ቤት የሚለውን ቃል ውጠውት «ጠይሟስ» ብለው ያልፋሉ። በሙያው ሲጠሩት ግን ያስገባሉ። ልብስ ሰፊው ጋ፣ ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሲሉ «ዘ» ከፊት አለ፣ ልብስ ሰፊ ብዙ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ መጠቆም አለበትና። ስም ያለው ሰው ጠቋሚ አያስፈልገውም ብለሽ ንገሪው።

እናታችን ብትኖርና ስምሽ በእንግሊዝኛ ታፔላ ላይ ሊወጣ ነው ብንላት መቀሷን ጥላ ነበር የምትስቀው። ጠይሟ የሚለውን እንኳ ደንበኞች ናቸው ያወጡላት፤ እሷማ ሱቋን «ቤቱ» ከማለት በቀር በስም ጠርታው አታውቅም። ለመሆኑ ታፔላውን ማደስ ለምን አስፈለገ? የድሮው ምን ሆነ?

ይህ መንፈቅ የመጨረሻዬ ነው። አሥራ ሦስት ሳምንት ቀረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በእረፍት ወራት ብቻ እየመጣሁ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ ግማሹ ቤት በስሜ ነው ይባል እንጂ እንግዳ ሆኛለሁ። ጡረታዬን ይዤ ስመጣ ከመስኮቱ ሥር ካለው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ማንም አያነሳኝም። እኔ እቆርጣለሁ፣ አንቺ ትሰፊያለሽ። እስከዚያው ጠረጴዛው ላይ የጨርቅ ጥቅል እንዳትከምሪበት፣ ይጎብጣል።

ናፋቂሽ፣
እትዬሽ


ሐሙስ፣ በአንቺ አቆጣጠር አምስተኛው ሳምንት

እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽን ደህና ሁን በዪልኝ። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራው በዝቶብኝ ነው፣ ደግሞም እኔ እንደ አንቺ አይደለሁም፤ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቶቼ መርፌውን ይፈልጋሉ።

ያልሽውን ለታፔላ ጸሐፊው ነገርኩት። ያለ «ዘ» የተጻፈ ታፔላ ራሰ በራ ይመስላል ብሎ ተከራከረኝ። የትልልቆቹ ሱቆች ሁሉ አላቸው ይላል። እህቴ መምህርት ናት ስለው ግን እሺ አለኝ።

ታፔላው ለምን ይታደሳል ላልሽኝ ነገሩ ረጅም ነው፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ። መንገዱ ማዶ ሲሠራ የነበረውን ሕንጻ ታስታውሺዋለሽ? አልቆ ምድር ቤቱን ለሱቆች እየሰጡ ነው። ባለቤቶቹ የውጭ ሰዎች ስለሆኑ ወረቀታቸውም ታፔላቸውም በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበሉም። ልንሞክር ነው። ባለቤቴ መዝገበ ቃላት ታቅፎ ስንት ቀን ሲታገል ከርሞ ሦስት ገጽ አዘጋጅቷል። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቢሮ ወረቀት ስለሆነ አሰልቺ ነው፣ ይዘቱ እንዳያደክምሽ፤ እንግሊዝኛውን ብቻ እዪልኝ። በተለይ «ዘ»ውን። በዚሁ ሹፌር መልሺልኝ፣ ለሰኞ ይፈልጉታል።

ሌላውን የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም፣ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። ጠረጴዛሽ ቦታው ላይ ነው።

ድንቡሼ


ቅዳሜ፣ አምስተኛው ሳምንት

የኔ ድንቡሼ፣

ወረቀትሽ የደረሰኝ ስድሳ የፈተና ደብተር ፊቴ ተከምሮ ሳለ ነው። ሹፌሩ ነገ ማለዳ ይነሳል፣ ስለዚህ የአንቺን ከደብተሮቹ መሃል አስገብቼ በአንድ ትንፋሽ አረምኩት። እጄ ቀይ በቀይ ሆኗል።

አሥራ አንድ «ዘ» ነቅያለሁ። ባለቤትሽ «ዘ» የሚዘራው በእፍኝ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ እንኳ አንዲት ሳትቀረው «ዘ ድንቡሼስ»፣ «ዘ ድንቡሼስ» እያለ ወርዷል። ደግሞስ ማን ነበር በሦስት ዓመትሽ ጉንጭሽን እየቆነጠረ ድንቡሼ ያለሽ? ስሙ ሕንጻ ላይ እንደሚወጣ ባውቅ ኖሮ የተሻለ አስብ ነበር። የልጆች ልብስ የሚሰፋበት ጥግ ልታወጪ ነው ብዬ ገምቻለሁ። ለልጆች ልብስ ጥሩ ስም ነው፣ እናትም ሰምታ ትገባለች፣ ልጅም አይፈራውም።

ባለቤትሽን ግን አልወቅሰውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከአንዲት «ዘ» በቀር ያለ እንከን ሠርቷል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የኔ ተማሪዎች በሁለት ዓመት አይወልዱም። ከዳር «ጎበዝ» ብዬ ጽፌለታለሁ፣ አሳዪው። እንደ ልማዴ ከየገጹ ግርጌም ፈርሜያለሁ። ልጆቹ ያልተፈረመበትን እርማት አያምኑም፤ እጄ ለምዶበት ሳላስበው ነው የሚፈርመው። ወረቀቱን ካበላሸባችሁ ሰርዙት።

ወደ አዲሱ ቦታ መግባታችን ከሆነ አልከፋኝም። እናታችንም አንድ ቦታ ተተክላ አልኖረችም። እኔን ብርሃን አትከልክዪኝ እንጂ የትም ብትወስጂኝ እቆርጣለሁ። መስኮት አለው? ጠረጴዛዬስ በየት በኩል ይቆማል? ይህን ጻፊልኝ።

እትዬሽ


ረቡዕ፣ ስምንተኛው ሳምንት

ድንቡሼ፣

ሦስት ሳምንት ሆነሽ። ወረቀቱ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት፤ በእጇ ሰጥቻታለሁ፣ አቅፋ ሳመችኝ አለኝ። ታመሽም እንዳልል ደህና ናት ብሎኛል። መቼ እንደምመጣ ቁርጡን ቀን እንዲጠይቅልሽ አዘሽው ኖሯል። እሱን በአፍ ከምትልኪ ለምን አትጽፊልኝም? ለማንኛውም በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ከዚህ እነሳለሁ።

በቀልዴ ተቀይመሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ትልቅ ሴትዮ ሆነሻል፣ የሰው ሚስት ነሽ፣ እኔ አሁንም ጉንጭሽን ነው የማየው። ባለቤትሽም በ«ዘ»ው ስለቀለድኩበት ተቀይሞ እንደሆነ ይቅርታዬን አድርሺልኝ። አስተማሪ የሆነ ሰው አፉም ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ሁለት መስመር ብቻ ብትጽፊልኝ ይበቃኛል።

እትዬሽ


ማክሰኞ፣ ዘጠነኛው ሳምንት

ለተከበሩ የድንቡሼስ ብቸኛ ባለቤት፣

ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ደብዳቤ ስጠብቅ ከሕንጻው ጠበቃ ደረሰኝ። ጠበቃው በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። የላክሁትን ውል «በሙሉ አንብበው፣ በገዛ እጅዎ አሻሽለው፣ በየገጹ ስለፈረሙ» አመስግነውኛል። እንዲህ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። አሁን የሚቀረኝ ፊርማው የእኔ ለመሆኑ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማረጋገጥ ብቻ ነው ይላሉ። ካላረጋገጥኩ ውሉ ይፈርሳል፣ ጉዳዩም ወደ ሕግ ይሄዳል።

ቅጂውን አያይዘውልኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሳየው አደርኩ እንዳልልዎ፣ አላየሁትም፤ አንድ ጊዜ አነበብኩትና አጠፍኩት። አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነበር፣ ያን ጊዜ ባነበው። ያ የሦስተኛው ገጽ ረጅም ዓረፍተ ነገር በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ታላቅ እህቷ፣ በልብስ ስፌት ቤቱ ላይ ያለኝን ግማሽ ድርሻ፣ ደንበኞቹንና ዕቃዎቹን ለታናሽ እህቴ አስተላልፌ፣ የድንቡሼስ ብቸኛ ባለቤት እሷ መሆኗን ተስማምቻለሁ።» መሃሉ ላይ አንዲት «ዘ» ተሰርዛለች። ከዳር ደግሞ በእኔ እጅ «ጎበዝ» ተብሏል።

ሹፌሩን አግኝቼ ጠየቅሁት። ዛሬ እውነቱን ነገረኝ። የእናታችን ቤት ከተዘጋ አሥር ቀን ሆኖታል፣ ቁልፉም ለአከራዩ ተመልሷል። ሊነግረኝ አፍሮ ኖሯል። እሱ አፈረ።

እኔ ለእርስዎ የምጽፈው ብዙ የለኝም። እናታችን ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ጸጉርዎን ማበጠር አልችልበትም ነበርና እያለቀሱ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ያንን ውለታ አድርጌ አልቆጥርም፣ እህት ስለሆንኩ ነው ያደረግሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ። ወረቀቱን ሲልኩልኝ እንደምፈርም ያውቁ ነበር?

መምህርቷ


እሑድ

እትዬ፣

እርስዎ አትበዪኝ። የፈለግሽውን በዪኝ፣ ስደቢኝ፣ ሌባ በዪኝ፣ እርስዎን ግን አልችለውም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት አዲሱ ሱቅ ውስጥ መስተዋቱን የሚሰቅሉት ሰዎች ቆመው እያዩኝ ነው። ልብስ መለኪያው መጋረጃ ውስጥ ገባሁና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አዎ፣ አውቅ ነበር።

ባለቤቴ ነው ያሰበው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ጽፌም ቀደድኩት። እሱ ያለው «ለምነሽ አስፈርሚያት» ነው። አታነበውም፣ አርማ ትፈርመዋለች ያልኩት እኔ ነኝ። ደብተሮቼን ሁሉ እንዴት እንደምታርሚ አይቼ አይደል ያደግሁት? የፈተና ሳምንት እስኪደርስ ጠብቄ ነው የላክሁልሽ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ለምን ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁሉንም ልነግርሽ ተነስቼ ነበር፤ ጠረጴዛዬ የሚለው ላይ ስደርስ አቃተኝ። ቦታው ላይ ነው ያልኩሽም አሁን ውሸት ሆኗል። በአዲሱ በር አልገባ ሲል ለአናጺ ሰጥቼዋለሁ።

ሕንጻው ሁለት ባለቤት ያለውን ሱቅ አይቀበልም። ይኼ ግን ሰበብ ነው፣ ብጠይቅሽ ሌላ መላ ትፈልጊ እንደነበር አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ በላይ ምን ትጠዪኛለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ቆርጬ ብቻዬን ሰፍቻለሁ። ደንበኛ ልብሱን ለብሶ መስተዋት ፊት ይቆምና እጁን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞክሮ «ይሄማ የእህትሽ አቆራረጥ ነው» ይለኛል። የኔ ነው ብል አያምኑኝም። ቤቱ በእናቴ ቅጽል ስም፣ አቆራረጡ በአንቺ፤ እኔ ማሽኑን የምረግጠው እግር ብቻ ነኝ። ባለፈው እረፍት መጥተሽ ያቺ የባንክ ሠራተኛ ኮቷን ልትወስድ ስትቆም ኮሌታውን አይተሽ ምንም ሳትዪኝ ምላጭ አንስተሽ ፈታሽው። እሷ ፊት። ከዚያ ደግሞ ሰፍተሽ፣ «አሁን ሆነ» ብለሽ ሰጠሻት። እሷም አንቺን አመስግና ሄደች። የዚያን ቀን ነው በልቤ የለየሁሽ። ጡረታ ወጥታ ልትገባ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስታርመኝ ልትኖር ነው አልኩ።

ለጠበቃው አልፈረምኩም ካልሽ ከሱቁ ያስወጡኛል፣ ያንኛውንም ለቅቄያለሁ፣ መሄጃ የለኝም። ይከሱኛልም ይላል ባለቤቴ። እባክሽ እትዬ። ፊርማው የኔ ነው ብቻ በዪ፣ ውሸት አይደለም። መጥተሽ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብቼልሻለሁ፣ መስኮት አለው። ሱቅ ባትገቢም እንደ እናቴ እጦርሻለሁ።

ትንሿ እህትሽ


ሐሙስ፣ አሥራ አንደኛው ሳምንት

ድንቡሼ፣

እርስዎ ማለቱን ትቻለሁ። ለእኔም አልሆነልኝም፣ ሁለት ገጽ ጽፌ ሦስቴ አንቺ ብዬ ሰርዣለሁ።

ስለ ኮሌታው ያልሽው እውነት ነው። ፈትቼዋለሁ። ጥሩ ሥራ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ የሴትዮዋንም ፊት አስታውሳለሁ፣ ያንቺን ግን አላየሁም። ያን ቀን ምላጩን ከእጄ ብትነጥቂኝና በደንበኛ ፊት ብትጮሂብኝ ኖሮ ልክ ነበርሽ። አኩርፌ ሦስት ቀን እከርምና ይበርድልኝ ነበር። ስለዚህ ይህን አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምሬን ነው።

ያንቺን ግን እንዴት አድርጌ እንደምለው አላውቅም። ግማሹ ቤት አይደለም። ብትጠይቂኝ ስንት ቀን ተከራክሬ፣ አኩርፌ፣ በመጨረሻ እሰጥሽ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት አልሰጥሽም ነበር፣ አሁን ማን ያውቃል። አንቺ ግን ያንን የማወቅ ዕድል ለሁለታችንም አልተውሽም። የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው፦ ያንን ወረቀት ሌላ ሰው ልኮልኝ ቢሆን አነበው ነበር። የርዕሰ መምህሩን ወረቀት አነባለሁ፣ የጓደኞቼን አነባለሁ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው የሚሰጠኝን ብጣሽ እንኳ አገላብጬ ነው የምፈርመው። ያላነበብኩት ከአንቺ ስለመጣ ነው። አንቺም ይህን አውቀሽ ነው የላክሽው። ሃያ ስምንት ዓመት ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደ አንቺ ያጠናኝ ሰው የለም።

ትናንት ለጠበቃው መልሼአለሁ። ኮረብታውን ወጥቼ ልደውልላቸው አስቤ ነበር፣ ድምፄን አላመንኩትም። «ፊርማው የእኔ ነው» ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። ስለዚህ ሱቁ ያንቺ ነው፣ ማንም አያስወጣሽም፣ ባለቤትሽም እንቅልፉን ይተኛ። ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። የኔ አይደለም ብል ወይም ተታልዬ ነው ብል፣ ከዚህ በኋላ በየቢሮው በየችሎቱ እየዞርኩ እህቴ አታለለችኝ እያልኩ ልናገር ነው። ለማያውቁሽ ሰዎች። ያንን አፌ አይለውም።

ወደዚያ አልመጣም። ርዕሰ መምህሩን አንድ ዓመት እንዲጨምሩልኝ ጠይቄያቸው ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ፈቀዱልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ለጡረታ ሽኝቴ መድረክ የተመደቡት ልጆች ናቸው ያዘኑት። ቀለም ያስቀባሽውን ክፍል ለሌላ ነገር አድርጊው። ደንበኞች እህትሽስ ብለው ሲጠይቁሽ ታስተምራለች በያቸው። «አቆራረጡም የኔ የራሴ ነው» በያቸው፣ አሁን ያምኑሻል፣ ስምሽ በር ላይ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ አትጠይቂኝ። ስለ ሱቁ አትጻፊልኝ። ይቅርታ እንዳትጽፊልኝ፤ እውነቱን እየጻፍሽ ይሁን አይሁን ከእንግዲህ መለየት አልችልም፣ ያንንም አርሜ እፈርምበታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ለበዓልም፣ ለልደቴም አትጻፊልኝ። ከታመምሽ ግን ጻፊልኝ። የዚያኑ ቀን እመጣለሁ።

እህትሽ